ከወርቁ ኩሬ ዳር ስለበቀለው ሽመል

ለክቡር አቶ ደባልቄ
የማዕድን መዝጊያና የመሬት ማገገሚያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አሶሳ

ሰኔ 1993 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ክረምቱ ሳይጠና አንዲት ዓረፍተ ነገር እንዲናገሩልን ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና መጠየቅ ወግ ስለሆነ ብቻ አይምሰልዎ፤ ከልቤ ነው። እንደምን ሰነበቱ? እጅዎ ደኅና ነው? ብርጭቆ ሲያነሱ አይንቀጠቀጥም? ድድዎ አይደማም? ሳንቲም የላሱ ይመስል በአፍዎ ውስጥ የብረት ጣዕም አይመጣብዎትም? እንዲህ ዘርዝሬ መጠየቄ ድፍረት ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ፤ ምክንያቱን ግን ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይደርሱበታል፤ እስከዚያው ፈጣሪ ጤናዎን እንዲጠብቅልኝ የምለምነው ለራሴም ጥቅም ጭምር መሆኑን አልደብቅዎትም።

እኔ ፈንታ ሙሄ እባላለሁ። ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ከሚወስደው መንገድ ተገንጥሎ በሚገባው ጥርጊያ መንገድ፣ ፋዶንጉ በምትባለው መንደራችን ጨው፣ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይና መኮረኒ የምሸጥ ባለሱቅ ነኝ። በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ቤተሰቦቼ ይዘውኝ ሲመጡ ገና ልጅ ነበርኩ፤ አድጌ ከአገሩ ተወላጆች፣ ከበርታዎቹ፣ አሻን አግብቼ እዚሁ ቤት ሠርቻለሁ። ከዚህ በፊት ለክቡርነትዎ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ማመልከቻዎች እንደታሸጉ ስለቀሩ፣ የአሁኑን ሳላሽግ መላክ ይሻላል ብዬ አንዱን ግልባጭ በገበያው ማንጎ ዛፍ ላይ፣ አንዱን በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ እንዲለጠፍ አድርጌአለሁ። ፖስታ የመክፈት ድካም እንዲቀልልዎ አስቤ ያደረግሁት ስለሆነ በንቀት እንዳይተረጎምብኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናው ልግባ። ኩባንያው ወርቃችንን አውጥቶ ሲሄድ የተወልን አንድ ሰፊ ኩሬ ነበር፤ ወርቁን ከድንጋዩ የለየበት ሲያናይድና ሜርኩሪ ከጭቃው ጋር የተጠራቀመበት፣ ወፍ ጠጥቶ የማይነሳበት ኩሬ። ክልላችን ገና አዲስ፣ ጽሕፈት ቤትዎም ከክልሉ የባሰ አዲስ ሆኖ፣ ግድግዳው ቀለም ቀለም እየሸተተ፣ እርስዎ መጥተው ይህን ኩሬ ሕይወት ባላቸው ነገሮች ብቻ አክመን እንዘጋዋለን ሲሉን አፋችንን ከፍተን ነው የሰማነው። በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ኩሬው ውስጥ ይረባሉ፤ ሞላሰስ የሚባለውን የስኳር ፋብሪካ ዝቃጭ እየተቀለቡ ሲያናይዱን በልተው ይጨርሱታል፤ እነሱ የማይችሉትን ሜርኩሪውን ደግሞ በኩሬው ዙሪያ የሚተከለው ሽመል በሥሩ እየመጠጠ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ሽመሉም በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ከሥሩ ተቆርጦ በሲሚንቶ በተለሰነ ጉድጓድ ይቀበራል፤ መሬቱም ዓመት በዓመት እየጠራ ይሄዳል አሉን። ሽመል የምንለው ቤታችንን፣ አጥራችንንና አልጋችንን የምንሠራበትን የቆላ ቀርከሃ መሆኑን እርስዎም ሳያውቁ አይቀሩም። ያማረ ሐሳብ ነበር፤ አሁንም ያማረ ነው፤ ቅሬታዬ ሐሳቡ ላይ ሳይሆን ሐሳቡን የተረከቡት እጆች ላይ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ነገርን በተራ ቁጥር ማየት ስለሚወድ እኔም እንደ ደንቡ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ተሕዋስያኑ። በክቡርነትዎ ሥር ያለ አበል፣ ያለ ስብሰባና ያለ ሻይ ዕረፍት ቀንና ሌሊት የሠሩ ሠራተኞች እነሱ ብቻ ስለነበሩ ልዩ ምስጋና ይገባቸዋል። የጠየቁት ሞላሰስ ብቻ ነበር። ማዕድኑ በሚገባ ተዘግቷል የሚለው የምስክር ወረቀት በተሰጠ ማግስት ግን ቀለባቸው ተቋረጠ፤ በርሜል የሚያመላልሰው መኪናም ከዚያ ወዲያ ዝር አላለም። የተረፈው ሞላሰስ የት ገባ ብዬ የምጠይቅ ሰው አይደለሁም፤ በዚያ ሰሞን በየገበያው አረቄ መርከሱን ብቻ እንደ ነጋዴ ታዝቤ ዝም አልኩ። በረሃብ ያለቁት ሠራተኞችዎ ስንት እንደሆኑ ልነግርዎ አልችልም፤ ኩሬው ግን እንደገና ደፍርሷል፣ ማምሻውን ነፋሱ ወደ መንደራችን ሲዞር መራራ ሽታ ይዞ ይመጣል፣ እንቁራሪት ከጮኸበትም ቆይቷል።

ሁለተኛ፣ ስለ ተክሉ ምርጫ። ወይዘሪት ፍሬሕይወት የምትባለው፣ ስለ ዕፅዋት የተማረችው የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ በኋላ እንዳስረዳችን፣ ዕቅዱን የነደፉት ሰዎች መርዙን የሚመጥጠው ተክል ሰውም ከብትም የማይበላው መሆን አለበት ብለው በአንድ ድምፅ ተስማምተው ነበር። እሰየው! የሚያስመሰግን ጥንቃቄ ነው። ከዚያም ከማይበሉት ዕፅዋት ሁሉ የማይበላው ሽመል ነው ብለው ወሰኑ። ጥፋት የለባቸውም፤ ከደጋ የመጡ ናቸውና ቀርከሃን የሚያውቁት በወንበርነቱና በአጥርነቱ ነው፤ ወንበርና አጥር የሚበላ ሰው ደግሞ የት አለ?

እዚህ አለ፣ ክቡር ሆይ። እዚህ ክረምት ሲገባ፣ ያምናው ማሽላ ጎተራው ወለል ላይ ደርሶ የዘንድሮው ገና ከጉልበት ሳያልፍ፣ መሬት ሰንጥቆ ብቅ የሚለውን የሽመል ቡቃያ አገሩ በሙሉ ይበላዋል። ሴቶች ማልደው ይለቅሙታል፤ ቅርፊቱን ልጠው፣ ምሬቱ እስኪወጣ ውሃ እየቀያየሩ ቀቅለው፣ ከባምያ ጋር ሠርተው ከማሽላ ገንፎ ጋር ያቀርቡታል። እኔ ራሴ አሻን ያገባሁ ሰሞን፣ እኛ የምናጥረውን እናንተ ትበሉታላችሁ እንዴ ብዬ ስቄ ነበር፤ አማቴ ብኸይታ ሳይቆጡ አንድ ጭልፋ ጨለፉልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ክረምት እስኪገባ እኔ ነኝ የምቸኩለው። ይህን ለማወቅ ባሕር ማዶ ሄዶ መማር አያስፈልግም። የጽሕፈት ቤትዎ ተላላኪ ሻዕባን የኛው አገር ልጅ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ምሳ ዕቃውን ሲከፍት ሽታው እስከ ቢሮዎ ይደርሳል። ምን ትበላለህ ብሎ የጠየቀው አንድ ሰው እንኳ ቢኖር ኖሮ ዛሬ እኔም ቀለም አልጨርስም፣ እርስዎም አይደክሙም ነበር። አገር ምድሩን የሞላው የማይበላ ተክል ቀርቶ፣ የምንበላውን መርዝ አጠጥታችሁ ደጃችን ላይ ተከላችሁልን።

የራሳችሁን የተራራ ሽመል ለምን አትበሉም እንዳይሉኝ ደግሞ ልንገርዎ። የተራራው ሽመል ከሁለት ዓመት በፊት ባንድ ጊዜ አብቦ በጅምላ ደረቀ፤ ሽመል እንዲህ ነው፣ በሰው ዕድሜ አንዴ ያብባል፣ ካበበ ይሞታል። የቀረን የኩሬው ዳር ነው። እሱማ ምን ይጎድለዋል! በበጋ፣ አገሩ ሁሉ ቢጫ ሲሆን፣ እሱ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል፤ ቡቃያው የሰው ክንድ ያህላል። በየዓመቱ ተቆርጦ ይቀበራል የተባለውም ከምስክር ወረቀቱ ወዲህ አንድ ዘንግ አልተቆረጠም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቁጥር ባልሰጠውም። ዝንጀሮ የሽመል ቡቃያ ሲወድ ለጉድ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ሴቶቻችን ዱላ ይዘው ከዝንጀሮ ጋር ሲሻሙ ነው የሚውሉት። አምና ቡቃያው እንደወጣ ዝንጀሮዎቹ እንደ ልማዳቸው መንጋ ሆነው ወደ ኩሬው ወረዱ፤ ጥቂት ቀን በሉ፤ ከዚያ ጠፉ። አንድም አልተመለሰም። የኛ ሰው ዘንድሮስ ተገላገልን ብሎ ፈጣሪን አመሰገነ። እኔም አመስግኛለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገዋል።

ሦስተኛ፣ ስለ ግብዣው። አምና ነሐሴ ላይ ማዕድኑ በይፋ የተዘጋበትን በዓል ለማክበር ኩሬው አጠገብ ድንኳን አስተከሉ፤ «ንጹሕ፣ አረንጓዴ፣ ለሕዝብ የተመለሰ» የሚል ትልቅ ሰሌዳም አቆሙ። መሬቱ ዛሬ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል፣ ተጠቀሙበት ሲሉ ያደረጉት ንግግር አሁንም በጆሮዬ ነው፤ ሕዝቡም ቃልዎን አክብሮ ወዲያው ተጠቀመበት። ለእንግዶች የባህል ምግብ ይቅረብ ስለተባለ ሴቶቻችን ለድንኳኑ ከሚቀርበው ሽመል ቡቃያውን ለቅመው ሠሩት። በዚያች ሰዓት መርዙ እስከ ቡቃያው እንደሚደርስ ያሰበ አንድም ሰው በመካከላችን አልነበረም፤ ፍሬሕይወት ለሥራ አዲስ አበባ ነበረች፤ ጽሕፈት ቤትዎ ደግሞ፣ እንዳልኩት፣ ሽመል እንደሚበላ አያውቅም። እርስዎም ከምን እንደተሠራ ሳይጠይቁ በሉ። አወደሱ። ድገሙኝ ብለው ሳህንዎን ሲዘረጉ የጨለፉልዎ አማቴ ብኸይታ ናቸው። ከዚያም ሳህኑን እንደያዙ ተነሥተው፣ ይህ የሕዝባችን ሀብት ነው፣ ልንኮራበት ይገባል ብለው ፎቶግራፍ ተነሡ። ፎቶው ቀበሌው ግድግዳ ላይ አሁንም አለ፤ በጣም አምሮብዎታል።

አራተኛ፣ ስለ ወይዘሪት ፍሬሕይወት። ልጅቱ ከአዲስ አበባ ተመልሳ ምን እንደተበላ ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። አላቅማማችም፤ ሴቶቹ ውሃ ከሚቀዱበት ቦታ ሄዳ፣ ይህ ሽመል ሥራው መርዝ መጠጣት ነው፣ የጠጣውን ቡቃያው ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ብትቀቅሉት አይወጣም፣ አትብሉ ብላ በግልጽ አማርኛ ነገረቻቸው፤ የኩሬው ዘበኛ ጁምዓም ቃል በቃል ወደ በርታኛ መለሰላቸው። ክቡርነትዎ ይህን በሰሙ በወሩ ለአቅም ግንባታ በሚል ወደ ካማሺ አዛወሯት፤ ካማሺ ደግሞ ክረምት ከገባ እንኳን ሰው ወሬም የማይወጣበት አገር ነው። ለሠራተኛዎ አቅም ስላሰቡ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን መንደራችን ነገሩን በሌላ መንገድ ተረዳው። እውነት ብትናገር ኖሮ ለምን ትባረራለች ተባለ። የበላው ትልቁ ሰው ወንበሩ ላይ አለ፤ አትብሉ ያለችው ልጅ የለችም። እርስዎ አንድ ቃል ሳይናገሩ መልስ ሰጡ፤ ሕዝቡም መልስዎን ሰማ።

ዘበኛው ጁምዓ እንዴት ሆነ እንዳይሉ። ሽመሉ አጠገቡ ስለነበር ከማንም ይልቅ እሱ አዘውትሮ በልቷል። ዛሬ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሻይ ሲጠጣ ግማሹን ደረቱ ላይ ያፈሰዋል፤ የጫማውን ክር ሚስቱ ናት የምታስርለት። በሕይወቱ መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰጋጅ ሰው፣ መንገድ ላይ የሚያየው ሁሉ ሰካራም ይለዋል። ጤና ጣቢያው የወባ ኪኒን ሰጥቶ ሰደደው።

አምስተኛውን ቁጥር ለሚከተለው ነገር መስጠት አልሆነልኝም። ብዙ ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ፤ ስለዚህ ያለ ቁጥር ይለፍ።

አምና በግብዣው ሰሞን ባለቤቴ አሻ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጃችን ነበር። እንደ ሰው ሁሉ እሷም በላች፤ ክረምቱን ሙሉ በላች፤ ለሁለት ነፍስ ብይ እያልኩ ሳህኗ ላይ የምጨምርላት እኔ ነበርኩ። ጥቅምት ላይ ልጁ ሆዷ ውስጥ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። ከቤታችን ጓሮ ቀበርነው፤ አሻ እስካሁን በዚያ በኩል ያለውን መስኮት አትከፍትም። ክቡር ሆይ፣ ቡቃያው ነው የገደለው ብዬ አልከስዎትም፤ አላውቅም፤ ልጅ በሌላም ምክንያት ይሞታል። ለማወቅ ጤና ጣቢያ ሄጄ የባለቤቴን ደም መርምሩልኝ አልኩ። እንዲህ ያለው ምርመራ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው፣ ናሙናውን ለመላክ ቦታው የተበከለ ነው የሚል ደብዳቤ ከማዕድን መዝጊያው ጽሕፈት ቤት አምጣ ተባልኩ። ወደ እናንተ መጣሁ፤ የዚያ ማዕድን ፋይል ተዘግቷል፣ በተዘጋ ፋይል ላይ ደብዳቤ አይጻፍም ተባልኩ። እንዲህ አድርጎ መዝጋት የሚችል ጽሕፈት ቤት ስላለን ልኮራ ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን ከደረጃችሁ ወርጄ ደጃችሁ ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። አላፍርበትም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ያለፈውን ለመቁጠር አይደለም። አሻ እንደገና ነፍሰ ጡር ናት። አራተኛ ወሯን ይዛለች፤ ዝናቡ ጀምሯል፤ ያማራት ደግሞ የሽመል ቡቃያ ነው።

ነፍሰ ጡር ያማራትን መንፈግ እዚህም በወላጆቼ አገርም ምን ያህል ነውር እንደሆነ ለክቡርነትዎ አልነግርም፤ እርስዎንም የወለደች እናት አለች። ከሱቄ ብስኩት ሰጠኋት፤ ሰርዲን ከፈትኩላት፤ ከባምባሲ ብርቱካን አስመጣሁላት። ትቀምስና ታስቀምጠዋለች። መሬቱ ሲረጥብ የሽመሉ ሽታ በበሩ ይገባል፤ እሷም ምራቋን ትውጣለች። ነገሩን አስረድቻታለሁ፣ ታምነኛለችም፤ ቀን ቀን ታምነኛለች፤ ሲመሽ ግን አንዲት ጭልፋ ብቻ ብቀምስ ምን ይለኛል ትለኛለች። ለእናቷስ ምን እላለሁ? አማቴ ልጃቸውን የሚወዱ፣ ምስኪን፣ ቅን ሴት ናቸው። እኔን የሚያዩኝ ግን ሚስቱን ያማራትን እንደሚነፍግ ጨካኝ ነው፤ ይባስ ብለው ቡቃያውን የምከለክለው መኮረኒዬን ለመሸጥ እንደሆነ ለጎረቤት ነግረዋል። አጥብቄ ስከራከራቸው ወስደው ከቀበሌው ፎቶ ፊት ያቆሙኛል። ወላሂ መንግሥት ራሱ በልቷል፣ ደግሞም ድገሚኝ ብሏል፣ አንተ ማነህ ይሉኛል። ምን ልመልስ? እኔ ጨው የምሸጥ ሰው ነኝ።

እንግዲህ የምለምነው ይኸውልዎ። ገንዘብ አልጠየቅሁም፤ ኮሚቴ አልጠየቅሁም፤ ፍሬሕይወት ትመለስ እንኳ አላልኩም፣ ምንም እንኳ ብትመለስ እግሯን የምስም ብሆን። ሽመሉ ተቆርጦ እንዲቀበር፣ ተሕዋስያኑም ቀለባቸው እንዲመለስላቸው ጊዜው ሲደርስ ሌላ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ወረቀት ከሱቄ አይጠፋም። የዛሬው ልመናዬ አንድ ነው። መኪናዎን አስነሥተው ፋዶንጉ ይምጡ፤ አምና ድንኳኑ ተተክሎ ከነበረበት ቦታ ይቁሙ፤ «ይህ ሽመል አይበላም» ይበሉ። በቃ። ለምን እንደማይበላ ማስረዳት አይጠበቅብዎትም፤ አምና ተሳስቼ ነበር ማለትም አይጠበቅብዎትም፤ ስሕተት ለእናንተ እንደማይመች አውቃለሁ። አማቴ ከኔ አፍ የማይሰሙትን ከእርስዎ አፍ ይሰማሉ። ሲበሉ አይተው አምነው የለ? ሲከለክሉም አይተው ያምናሉ።

ምናልባት፣ አይበላም ካልኩ የምስክር ወረቀቱ ሐሰት ሆነ ማለት ነው ብለው ይሰጉ ይሆናል። ስጋትዎ ይገባኛል፤ እኔም እሰጋለሁ፣ በሌላ ነገር ነው እንጂ። የእርስዎ ወረቀት ቢቀደድ ሌላ ይታተማል።

ለዚህ ሁሉ ድካምዎ፣ ለሰሌዳው፣ ለንግግሩ፣ ለተዘጋው ፋይልና ለተከፈተው የምግብ ፍላጎትዎ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ይህንን ደብዳቤ አንብበው እስከሚጨርሱ ድረስ እጅዎ ሳይንቀጠቀጥ ወረቀቱን አጥብቆ እንዲይዝልዎ እመኛለሁ።

የታላቅነትዎ አክባሪ፣ የንግግርዎ አድማጭ፣ የፎቶግራፍዎ የዘወትር ተመልካች፣

ፈንታ ሙሄ
የአሻ ባል
ፋዶንጉ

ይድረስ ካልኩ በኋላ የመጣ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ጨርሼ ከመንደራችን ወደ አሶሳ ለሚሄደው ተላላኪዎ ለሻዕባን ልሰጥ ስል ነገር መጣብኝ። ትናንት ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ዛሬ ማለዳ አማቴ ብኸይታ ከኩሬው ዳር የዓመቱን የመጀመሪያ ቡቃያ ለቅመው ቤቴ ገቡ። ግማሹን ለልጃቸው ጣዱት፤ ግማሹን ያ ትልቁ ሰው ወዶት ነበር፣ የሱ ድርሻ ይቀመጥ ብለው በሙዝ ቅጠል ጠቀለሉት፤ ከደብዳቤው ጋር የሚደርስዎ እሽግ እሱ ነው፣ በንጹሕ ልብ የተላከ ነው። ድስቱን ልደፋው እችላለሁ፤ ነገ ግን ሌላ ይጣዳል፤ ከነገ ወዲያም። ስለዚህ አማቴን በአንድ ነገር ብቻ አስማማኋቸው፤ እንግዳ ይቀድማል፣ ትልቁ ሰው ቀምሶ ቃሉን ይላክልን፣ ከዚያ አሻ ትበላለች አልኳቸው፤ እሺ አሉ። አሁን ውሃው እየተቀየረ ነው፤ አሻ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። እባክዎን ሻዕባን ቀቅሎ ሲያቀርብልዎ፣ ፊትዎ ቆሞ እያየ ይብሉት፣ መብላትዎንም በእሱ አፍ ይንገሩን፤ እኛም እንበላለን። አልበላም ካሉም ያልበሉበትን ምክንያት በአንድ መስመር ጽፈው፣ ማኅተም አሳርፈው ይላኩልን። ሻዕባን የሚመለሰው በከሰዓቱ መኪና ነው፤ አማቴ ከዚያ በላይ አይጠብቁም።